የቀይዋ መኪና ጎማና የማርያም ከበሮ ቆዳ

ባለፈው ቅዳሜ ኪዳን አድርሼ ወደ ገበያው ስወርድ፣ ጎሚስታው ሱቅ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልንቀሳቀስም አለኝ። ሰዉ ጉልበቴ የከዳኝ መስሎት «እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» እያለ ዱካ ያቀርብልኛል። ጉልበቴስ ተመስገን ደህና ነው፤ ያስቆመኝ ሽታ ነው። ጎሚስታው የባጃጅ ጎማ በእሳት እያጣበቀ ነበር። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ለፈረንጅ የሚሸጥ ከበሮ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ የራሰ የበሬ ቆዳ ፀሐይ ላይ ዘርግቷል። የጋለ ጎማና የራሰ ቆዳ ለየብቻቸው ስንቴ አሽትቻቸዋለሁ፤ ምንም አይሉኝም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ግን ማለፍ አልቻልኩም። «ከበሮ ፈልገው ነው እማማ?» አለኝ ጎረምሳው። «አንተ፣ እኔ የከበሮ ወጣሪ ልጅ ነኝ! ጠፍሩን እንዲህ አላልተህ ስታበቃ ከበሮ ብለህ ትሸጣለህ? ትንሽ አታፍርም?» አልኩት። ሳቀ። ምን ያድርግ፣ ያለ ጥፋቱ ነው የተቆጣሁት። ዱካው ላይ ተቀመጥኩና ያ ዘመን እንዳለ መጣብኝ።

ዓመቱን እንዳትጠይቁኝ። እኔ ዓመተ ምሕረት አልይዝም፤ የምይዘው ዋጋና ልብስ ነው። ደርግ ነበር፤ ይሄው ይበቃል። ከብልባላ ዶሮ ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች በሁለት ብር ይሸጡልን ነበር፤ ጨዋታ ካወቅሽ ደግሞ እንቁላል ይመርቁልሻል። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው፤ ሳሙናም እንዲሁ። የከተማውን ወሬ ሁሉ የምንሰማው እዚያ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው፣ ያውም በሹክሹክታ። ገበሬው ካኪ ኮትና በረባሶ፣ ከተሜ ነኝ ባዩ ደግሞ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ይለብሳል። እኔ ባሌ ከደሴ ያመጣልኝ አረንጓዴ ሹራብ ነበረኝ፤ እሱን ለብሼ ኮንጎ ጫማዬን አድርጌ ስወጣ አቤት ኩራቴ! አሁን ትልቁ ሆቴል የቆመበት ጠርዝ ላይ ያን ጊዜ ሸንኮራ ሻጮች ይቀመጡ ነበር። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጧት ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ይለቃል፤ ዜማው እስካሁን አፌ ላይ አለ፣ ግጥሙን መርሳቴ ግን አይቆጨኝም። ዝም ያለ ለታ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስብሰባ ሊጠራ ነው ማለት ነው። ከስብሰባ ወደ ቤቱ የማይመለስ ሰው ነበር። ይሄን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ስልካቸውን እየነካኩ «እሺ እማማ» ይሉኛል። እሺ በሉ እንግዲህ።

ባሌ ይመር ይባላል፤ ነፍሱን ይማረው። የወልድያ ልጅ ነው፤ ደሴ ጋራዥ ውስጥ መካኒክነት ተምሮ፣ የእህል መኪና እየነዳ ላሊበላ መጥቶ እኔን አግብቶ ቀረ። በዚያ ዘመን ከተማው ውስጥ አንዲት ጉደኛ መኪና ነበረች። ቀይ ናት፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ከወንበሮቹ ኋላ ያለችው ጠባብ ቦታ ዕቃ እንጂ ሰው የሚቀመጥባት አትመስልም። ውጭ አገር የተማረ የአንድ ባላባት ልጅ ነበር በበጋ መንገድ እያስጮኸ ያመጣት። አብዮቱ ሲመጣ እሱ በእግሩ ጠፋ፣ መኪናዋ ቀረች። «የሰፊው ሕዝብ ንብረት» ተባለችና ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጓሮ የቆርቆሮ ጥላ ተሠራላት፤ ሰፊው ሕዝብ ታዲያ በአጥር ቀዳዳ ነበር የሚያያት። ዶሮ ሰፈረባት። ይመር እንደሚለው ሞተሯ ደህና ነው፤ የሞቱት ጎማዎቿ ናቸው። የእግሯን ማለቴ አይደለም። ከካምቢዮው ወደ ኋላ እግሮች ኃይል የሚያደርስ ረጅም ዘንግ አለ፤ ያ ዘንግ ከፊትም ከኋላም የሚታሰረው ትንሽ አምባሻ በሚያህል፣ ዙሪያውን ቀዳዳ ባለው ወፍራም ጎማ ነው። ሁለቱም ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነበር። እነሱ ከሌሉ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ወድጄ አይደለም።

ወንድሜ ሞገስ ኮን ከተማ አስተማሪ ነበር። እናታችን እሱን ወልዳ ብዙም አልቆየች፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሳቂታ ነው፤ ስብሰባ ላይ አፉን መያዝ የሚባል ነገር አያውቅም። «ከጫካ ሰዎች ጋር ተነጋግረሃል» አሉና ያዙት፤ ላሊበላ አምጥተው እህል መጋዘን ውስጥ ዘጉበት። ያ መጋዘን አሁን ሞባይል የሚሸጥበት ቤት ሆኗል፤ ልጆች በሩ ላይ ሲንጫጩ ሳይ እኔ በሌላኛው መንገድ እዞራለሁ። ያን ጊዜ ምሳውን ይዤ በየቀኑ እሄድ ነበር። አብዮት ጠባቂው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፤ ቀምሶ ቀምሶ አንዳንድ ቀን ግማሹን ይጨርሰዋል። ይብላ! እንኳን አሳየኝ። ሞገስ እዚህ እስካለ ድረስ ወንድም አለኝ። ወልድያ ተወስዶ የተመለሰ ሰው ግን እኔ አላየሁም፣ አየሁ የሚል ሰውም አልሰማሁም። ሊወስዱት እንደቆረጡ አውቀናል፤ የጎደላቸው መኪና ብቻ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ጂፕ ወደ ግንባር ሄዷል፤ በእግር እንዳያስኬዱት መንገዱ ላይ የጫካ ሰዎች አሉ ይባላል። እኛ ደግሞ ገናን ነበር የምንጠብቀው። ለገና ትልቁ አስተዳዳሪ ይመጣል፤ ካህናቱና የአገር ሽማግሌዎቹ መስቀል ይዘው እግሩ ላይ ሊወድቁለት ተስማምተው ነበር። ሰውየው ከዚያ በፊትም እንዲህ ተለምኖ ሰው ፈትቷል። ሞገስ እስከ ገና ከቆየልን ይወጣል፤ ከሄደ አለቀ። ጧት ማታ የማስበው ይሄንኑ ብቻ ነበር።

የከተማው ካድሬ ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለ፣ ጥላ ውስጥም ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ይመርን አስጠራውና «ጓድ ይመር፣ አብዮቱ ላንተ ሥራ አለው» ብሎ ሁለት አዳዲስ ጎማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ አስመጥቷቸው ኖሯል። ይመር እቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ» አለኝ።

«አትሠራትም!» አልኩት። «ወንድሜን የምትወስድ መኪና አንተ ሥር ገብተህ አትሠራትም።»

«ካልሠራሁ አሻጥረኛ ነኝ። አሻጥረኛ የሚያደርጉትን ታውቂያለሽ።»

«እጄን አመመኝ በል! ብሎን ጠፋኝ በል! ወንድ አይደለህም እንዴ?»

መፍቻዎቹን እየጠረገ መደርደር ያዘ። ይመር ሲናደድ አይጮኽም፤ ዕቃውን ነው የሚጠርገው፤ ያ ደግሞ እኔን ይብስ ያበግነኛል። ሁለቱ ልጆቻችን በር ላይ ቆመው ያዩናል፤ ሦስተኛው ሆዴ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ጎማዎቹ ዙሪያቸውን በብረት ቀበቶ ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል። ይመር የጭነት መኪና ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ዘንግ ብረት በብረት ነው፣ እንዲህ ያለ ጎማ በእጁ ገብቶ አያውቅም። ቀበቶው ለመንገድ የታሰረ ማሸጊያ መሰለው። እኛ አገር ከሩቅ የመጣ ዕቃ ሁሉ ታስሮ ነው የሚመጣው፤ ማሰሪያው ብረት የሆነ እንደሆነ ዕቃው ሳይታይ ማሰሪያውን የሚለምን አይጠፋም። ያን ለታም አጥሩን ተደግፎ የሚያይ አንድ ገበሬ «እባክህ ይመር፣ ያቺን ብረት ለወገል ስጠኝ» አለው። ወገል ማረሻውን የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት ነው፤ በዚያ ዘመን ብረት ከየት ይገኛል! ይመርም ሁለቱንም በፒንሳ ቆረጠና ወረወረለት። ሰውየው መርቆት ሄደ። ቀበቶው ሲለቀው ጎማው ተነፋ። አንዱ ብሎን ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ አልገናኝ አለ። ለካ ቀበቶው ጎማውን ጨብጦ የሚይዘው ብሎኖቹ እስኪገቡ ኖሯል፤ የሚቆረጠው ሁሉም ከታሰረ በኋላ ነው። በገመድ ሞከረው፣ ገመዱ ተንሸራተተ። በሽቦ ሞከረው፣ ሽቦው ተበጠሰ። መጥቶ ሲነግረኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። «እሰይ! እመቤቴ ሰማችኝ!» አልኩና መሬት ሳምኩ። ይመር ግን ቁጭ ብሎ እያየኝ «አልገባሽም አንቺ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልገባኝም። በማግስቱ ካድሬው ራሱ መጣ። ጠባቂዎቹን «በዲጅኖ አስገቡት» አላቸው፤ እነሱም እየፈነቀሉ አንዱን ጎማ ቀዳዳው ጋ ሸረከቱት። ያን ጊዜ መነጽሩን አወለቀ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለን ነበር። «ቀበቶውን ቆርጠህ ለሰው ሰጠህ» አለው ይመርን። «የእስረኛው እህት ባል ነህ፣ ቀበቶውን ቆርጠህ ሰጠህ። ይሄ ስሙ ምንድን ነው?» ይመር ለወገል ነው ቢል ማን ያምነዋል? «ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናዋ ካልተነሣች፣ እስረኛው እዚህ ይቆያል። አንተ ግን አትቆይም» አለውና መነጽሩን መልሶ አድርጎ ሄደ። ይሄን አጥር ሥር ቆሜ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

አባቴ ገነተ ማርያም ነበር የሚኖሩት፤ የታወቁ ከበሮ ወጣሪ ናቸው። በዚያው ሳምንት የታሰረ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እኛ ቤት አርፈዋል። ለገና የሚደርስ አዲስ ከበሮ ለማርያም ሊወጥሩ፣ ምእመናን አዋጥተው የሰጡትን የበሬ ቆዳ ይዘው ነበር የመጡት፤ እጃቸው ሥራ ካልያዘ አይሆንላቸውም። ቆዳው ጓሯችን ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ይመር ሁለቱን ጎማ እቤት ይዞ ሲገባ አባባ የተሸረከተውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ከዚያ መልሰው ሰጡት። እኔ ግን ዓይናቸውን አይቻለሁ። የከበሮ ወጣሪ ልጅ ነኝ፤ የራሰ ጠፍር የተጠመጠመበትን ነገር ሲደርቅ ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። አባባ ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ አባባ እንደማውቅ ያውቃሉ። ሁለታችንም አንተያይም። ልጆቹ አያታቸው ጭን ላይ ይንጠላጠላሉ፤ ይመር ግድግዳውን ያያል።

ምሳውን ይዘን ከአባባ ጋር ሄድን። ሞገስ በመጋዘኗ መስኮት ፊቱን አወጣ። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ ጠባቂዎቹ ሲያወሩ ሰምቷል።

«አባባ፣ ጠፍር አይሆንም?» አላቸው፤ ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም።

«ምኑ ልጄ?»

«ጎማው ነዋ። በራሰ ጠፍር ጠምጥመው ፀሐይ ላይ ቢያኖሩት አይጨብጠውም?»

«ይጨብጠዋል» አሉ።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«አንተን የምትወስደውን መኪና እኔ በእጄ ልሥራት? እንዲህ ያለ ነገር አባቱን የሚያዝ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

«ይመር የልጆች አባት ነው፤ እኔ ባዶ እጄን ነኝ።» ወደኔ ዞረ። «እታለም፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

«ዝም በል!» ብዬ ጮኽኩበት። «ዝም በል አንተ ልጅ! እኔን ምረጪ ነው የምትለኝ?»

«አንቺን ማን ምረጪ አለሽ? እኔ ነኝ የምለው» አለኝ። ጠባቂው ያን ቀን ምሳውን አልቀመሰም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሞገስም እንጀራውን ተቀብሎ ገባ።

በማግስቱ ጧት አባባ ቆዳውን ከገንዳው አወጡና ወደ ገነተ ማርያም አቅጣጫ ዞረው አማተቡ። «ያንቺ ነው፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ከዚያ ከጠርዝ ጀምረው ዙሪያውን ሳያቋርጡ ጠፍር ተለተሉ። ይመር ጎማውን በጉልበቱ ይዞ፣ እሳቸው ጠፍሩን በጥርሳቸው ነክሰው፣ በእግራቸው ረግጠው፣ እየሳቡ ጠመጠሙት። የተሸረከተውን ቦታ ደጋግመው አለፉበት። በዕድሜዬ ብዙ ከበሮ ሲወጥሩ አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቀው ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ቢበጠስ መንገድ ላይ ይመርን እንደሚገድሉት ያውቃሉ። ሁለቱን ጎማ ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስመቷቸው። የታኅሣሥ ፀሐይ ናት፣ ትለበልባለች። እኔ ጓሮ ተቀምጬ ሰማዩን አያለሁ። «ምነው ደመና ብትልክ» ብዬ እጀምርና ይመር ትዝ ሲለኝ አፌን እይዛለሁ። «ምነው ፀሐዩን ብታበረታ» እልና ሞገስ ፊቴ ይመጣል። ምን ብዬ እንደምለምን ግራ ገባኝ፤ እግዚአብሔርም ግራ ሳይገባው አይቀርም። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ዋለ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባባ ጠፍሩን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት፤ ደርቆ ቋ ቋ ይላል። «ደርሷል» አሉ። ይመር ሁለቱን ይዞ መኪናዋ ሥር ገባ። ብሎኖቹ ተራ በተራ ሰተት ብለው ገቡ፣ ዳዶው ጠበቀ። ጠፍሩን እንቁረጠው ወይ ሲላቸው «ተወው፣ የተቀደደውን ይዞልሃል» አሉት። ሞተሩ ተነሣ፤ ዶሮዎቹ ከጓሮው በረሩ፤ መኪናዋ ያን ሁሉ ዘመን ቆማ የሰነበተችበትን መሬት ለቃ ወደፊት ሄደች። ካድሬው አጨበጨበ። ለማጨብጨብ የማይሰንፈው ያ ሁሉ ሕዝብ ያን ቀን እጁን ነጠላው ውስጥ ከተተ።

ካድሬው ራሱ ሊሄድባት ጓጉቶ ነበር፤ ቦታ አነሰው። ያቺን መኪና የሚነዳ ከይመር በቀር ሰው የለም፤ ከጎኑ እስረኛው፣ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋ ውስጥ ደግሞ አንድ ጠባቂ ተጣጥፎ ጠመንጃውን የወንድሜ ማጅራት ላይ ደገነ። ሞገስ ረጅም ነው፤ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሳይገባ በፊት የአባባን ጉልበት ሳመ፤ እጁ ታስሮ ስለነበር እኔ ነኝ ያቀፍኩት። ያጠብኩለት ነጭ ሸሚዙ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «እታለም፣ እንዳታለቅሺ፤ ሆድሽ ውስጥ ሰው አለ» አለኝ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ጀመረች። አሁን አስፋልት ስለሆነ መኪና ቶሎ ይሰወራል፤ ያን ጊዜ ግን አቧራው እያሳበቀ በየጠምዛዛው ወደ ጋሸና አቅጣጫ እስኪጠፋ በዓይን ትሸኛለሽ። አባባ አቧራው ከጠፋም በኋላ ከመንገዱ ዳር አልተነሡም። ማታ ማታ እየጎተትኩ አስገባቸዋለሁ፤ ሲነጋ እዚያው ናቸው።

ይመር የተመለሰው የገና ዋዜማ ነው፤ መኪናዋን ወልድያ አስቀርተውበት በእህል መኪና መጣ። አስተዳዳሪው ከሱ ቀድሞ ገብቷል። ሽማግሌዎቹ ግን ቤታቸው ነበሩ፤ ማንን ፍታልን ብለው ይውደቁለት? ገነተ ማርያምም በአሮጌው ከበሮ ነው ያከበረችው። ይመር ከመኪናው ሲወርድ አባባ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቀና አሉ። ልጄ የት ደረሰ አላሉትም።

«ጠፍሩ ያዘ ወይ?» አሉት።

«ያዘ አባባ» አላቸው ይመር፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «ወልድያ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ሞገስ መንገዱን ሁሉ ጆሮውን ወደ ታች ጥሎ ሲያዳምጥ ነበር፤ ቢበጠስ እኔን እንዳይገድሉኝ ፈርቶ። ሲያወርዱት ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየና ‹ሥራቸው እንደያዘ ለአባባ ንገርልኝ፤ ደስ ይላቸዋል› አለኝ። ከዚያ አስገቡት።»

አባባ ሁለት እጃቸውን ገልብጠው ብዙ አዩዋቸው።

«ምነው በተበጠሰ» አሉ።